ዲስላይክ ዳኛ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ በቅርቡ በአስተያየት ዓምዳችሁ ስለወጣ አንድ ጽሑፍ ጥቂት ለማለት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚካሄደው የአማርኛ ውይይት በስድብና በዘለፋ መበከሉ አሳስቧቸው ሁለት መፍትሔ አቅርበዋል፤ አንደኛው እያንዳንዱ ግሩፕና ቻናል ጥብቅ የሥነ ምግባር ደንብ እንዲያወጣ፣ ሁለተኛው ተሳታፊዎች ያልወደዱትን አስተያየት በዲስላይክ እየመቱ ከዓይን እንዲያርቁት ነው። በመጀመሪያው እስማማለሁ። ሁለተኛውን ግን፣ በተለይ ከመጀመሪያው ጋር ተጣምሮ እንደ አንድ መድኃኒት መቅረቡን፣ አልቀበለውም። ደንብ የሚዳኘው ሰው ሐሳቡን የገለጸበትን አኳኋን ነው፤ ድምፅ መስጠት የሚመዝነው ደግሞ የተባለው ነገር ለውይይቱ ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም የሚለውን ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ ሲይዝ ጨዋነት ማለት ከብዙኃኑ ጋር መስማማት ይሆንና ያርፈዋል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በቅርብ ካየሁት ልናገር። ስለ አማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሚወራበት፣ እኔም ከአድሚኖቹ አንዱ የሆንኩበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ባለፈው ክረምት አንድ ተሳታፊ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ በዛሬው አማርኛ የድምፅ ልዩነት ስለሌላቸው ለሕፃናት ትምህርት ሲባል ሞክሼ ፊደላት ቢቀነሱ ምን ይጎዳል ሲል ጻፈ። ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ሲነሣ ሲወድቅ የኖረ ነው። ጽሑፉ ረጋ ያለ ነበር፤ ማንንም አልነካም፣ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ዘርዝሯል፣ ተቃዋሚዎቹ ሊሉት የሚችሉትንም አስቀድሞ ጠቅሶ ለመመለስ ሞክሯል። ብዙም ሳይቆይ ከጽሑፉ ሥር የቁልቁል አውራ ጣት ይደረደር ጀመር። ከዚያ ሌላ ሰው መጣና «መጀመሪያ አንተ ፊደል ቁጠር፣ ከዚያ ትቀንሳለህ» አለው፤ በዚህኛው ላይ ደግሞ እሳትና ጭብጨባ ዘነበ። ከዚያ ሁሉ ተቃዋሚ መካከል አንድ ሰው እንኳ «ሠዐለ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፣ ሰአለ ደግሞ ለመነ፤ ፊደሉን ብንቀንስ ከግእዝ የወረስነውን ይህን ልዩነት የት እናደርሰዋለን?» ብሎ አልጠየቀውም፤ በግሩፑ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አልነበረም። ጸሐፊው በማግስቱ ጽሑፉን አጥፍቶ ግሩፑን ለቆ ወጣ።

ልብ በሉ፣ በግሩፑ አናት ላይ ፒን ተደርጎ የተቀመጠው ደንብ «ስድብ ክልክል ነው» ይላል። በደንቡ ፊደል ከሄድን ሁለቱም ሰዎች አላጠፉም፤ «ፊደል ቁጠር» የስድብ ቃል የለበትምና። በድምፁ ከሄድን ደግሞ በጨዋ ደንብ የጻፈው ተቀጣ፣ የተሳለቀው ተሸለመ። ጋዜጣችሁ ላይ የጻፉት ሰው ዲስላይክ ባለጌውን ያርቃል ብለው ተስፋ ያደረጉበት መሣሪያ ያራቀው የተለየ ሐሳብ ያመጣውን ሰው ነው።

ይህ ጥያቄ እኛ ዘንድ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ በሌላው ዓለም ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የተመሠረተው ስላሽዶት የተባለው የቴክኖሎጂ ወሬ መድረክ፣ ተሳታፊው በዝቶ አዘጋጆቹ አስተያየቶችን አንድ በአንድ ማንበብ ሲያቅታቸው የዳኝነቱን ሥራ ለራሳቸው ለተሳታፊዎቹ አከፋፈለ። አከፋፈሉ ግን ልብ የሚባል ነው። ድምፅ የመስጠት መብት ሁሉም ሁልጊዜ በእጁ የሚይዘው አልነበረም፤ ዘወትር ከሚያነቡት መካከል በዕጣ መሰል አሠራር ለሚመረጡ ሰዎች አምስት ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ በሦስት ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበትም ይቃጠላል። ነጥብ የሚቀንስ ሰው ለምን እንደቀነሰ ከተዘጋጁት ምክንያቶች አንዱን፣ ለምሳሌ ከርዕስ የወጣ፣ ጠብ ጫሪ ወይም ተደጋጋሚ የሚለውን፣ መምረጥ ነበረበት። ራሱ በተከራከረበት ውይይት ላይ ዳኛ መሆን አይችልም፤ ዳኝቶ ሲያበቃ በዚያው ውይይት አስተያየት ቢጽፍ የሰጠው ድምፅ ይሰረዝበታል። ቆየት ብሎም የዳኞቹን ፍርድ የሚመረምሩ ሌሎች ተሳታፊዎች ተጨመሩ። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ጽሑፍም አይጠፋም፤ ከአሉታዊ አንድ እስከ አምስት ባለው መለኪያ ላይ ይቀመጥና አንባቢው ከስንት ነጥብ በላይ ያለውን ማየት እንደሚፈልግ ራሱ ይወስናል። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አሠራሩን እንዳለ ገልብጠን እንጠቀምበት ለማለት አይደለም፤ አስቸጋሪ ነው፣ ብዙ ሰውም ይፈልጋል። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎች ድምፅን ከዳኝነት ጋር ሲያገናኙ ተከራካሪ በራሱ ጉዳይ እንዳይፈርድ፣ ፈራጅም ያለ ምክንያት እንዳይፈርድ ምን ያህል እንደተጠነቀቁ ማየት ይጠቅማል።

ከእነሱ በኋላ የመጡት ጥንቃቄውን እያራገፉ ፍጥነቱን ብቻ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሬዲት ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት ለተመዘገበ ሰው ሁሉ ሰጠ፤ ተሳታፊዎቹ ባጠናቀሩት የሥነ ሥርዓት መመሪያም፣ ስላልተስማማችሁ ብቻ ወደ ታች አትምቱ፣ ዳውንቮት ለውይይቱ ምንም ለማይጨምር ጽሑፍ ነው ሲል አሳሰበ። ይህን ምክር የሚያስከብር ግን ማንም የለም፤ ሬዲትን አንድ ሳምንት ያየ ሰው ቀስቱ በአብዛኛው የአለመስማማት ምልክት መሆኑን ይረዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሃከር ኒውስ የተባለውን መድረክ የከፈተው ፖል ግራሃም በበኩሉ አለመስማማትን በቀስት መግለጽ ነውር እንደሌለው በ2008 በግልጽ ተናግሯል። በዚያ መድረክ ወደ ታች ለመምታት አስቀድሞ ከ500 በላይ ነጥብ ማጠራቀም ያስፈልጋል፤ የተመታው ጽሑፍ ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄድና ለማንበብ ያስቸግራል። አንዱ አታድርጉ ሲል ሌላው አድርጉ ያለው፣ በተግባር ግን ሁለቱም ጋ ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነገር መሆኑ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ምክንያት የማይጠየቅበት ቁልፍ ሰው ስሜቱን የሚያወጣበት ነው፣ ከጎኑ የተጻፈ ምክር ይህን አይለውጠውም።

በዚህ ረገድ ስታክ ኦቨርፍሎው ያደረገው ነገር ያስደስተኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች የጥያቄና መልስ መድረክ ሆኖ ሲከፈት፣ የሌላውን መልስ ወደ ታች የሚመታ ሰው ከራሱም ነጥብ አንድ እንዲቀነስበት ወሰነ፤ የተመታው ሁለት ያጣል። ትንሽ ዋጋ ናት፤ ነገር ግን ሰው ከኪሱ የሚከፍልበትን ነገር ሁለት ጊዜ ያስባል። በጥያቄዎች ላይ ግን ይህች ዋጋ ኋላ ላይ ተነሣች፤ ጥያቄ መምታት በነፃ ሆነ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2018፣ መድረኩ ለአዲስ ገቢዎች የማይመች ስፍራ መሆኑን ራሱ ኩባንያው በአደባባይ አምኖ አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ለማውጣት ተገደደ። ጀማሪ ደግሞ መልስ ሰጪ ሆኖ አይገባም፤ የሚገባው ጠያቂ ሆኖ ነው።

ዲስላይክ የተመታውን ሰው ያርመዋል የሚለው እምነት በጥናትም አልተደገፈም። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የሚገኙበት የተመራማሪዎች ቡድን በአራት ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ የተሰጡ አስተያየቶችን መርምሮ ነበር። ውጤቱ ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ። አሉታዊ ድምፅ የተሰጠው ሰው ዝም አላለም፤ እንዲያውም ቀድሞ ከሚጽፈው አብልጦ መጻፍ ጀመረ፣ የጽሑፉ ደረጃ ወረደ፣ ይባስ ብሎም የሌሎችን ጽሑፍ በአሉታዊ ድምፅ መምታት አበዛ። የተወደሰውም ቢሆን ከቀድሞው የተሻለ ጸሐፊ አልሆነም። ከመድረኩ ለመጥፋት ቅርብ ሆኖ የተገኘው ማንም ልብ ያላለው፣ አዎንታም አሉታም ያልተሰጠው ሰው ነው። እንግዲህ ባለጌን ለማራቅ የታሰበ ቁልፍ ባለጌውን ከነብልግናው ያቆየዋል፣ ቂሙንም በሌሎች ላይ እንዲወጣ ያደርገዋል ማለት ነው። እኔ ባየሁት ግሩፕ የተመታው ሰው የወጣው ጨዋ ስለነበረ ይመስለኛል፤ ፊደል ቁጠር ያለው እስካሁን አብሮን አለ።

ለሚዛናዊነት ያህል ተቃራኒ ማስረጃ የለም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ሙከራ፣ ተመራማሪዎች ገና ለተጻፉ አስተያየቶች በዕጣ እየለዩ አንድ ሐሰተኛ አዎንታ ወይም አሉታ ሲጨምሩ ምን እንደሚሆን ተከታትሏል። አንዲት የሐሰት አዎንታ የአስተያየቱን የመጨረሻ ነጥብ በአማካይ በ25 በመቶ ከፍ ስታደርገው፣ የሐሰት አሉታዋን ግን ተከታዮቹ አንባቢዎች በአዎንታ እየመለሱ አካክሰዋታል። ይህ የሰው ደግነት ነው፤ አልክድም። ሙከራው ግን የፈተነው አንዲትን አሉታ ነው፤ አንድ ወገን ተጠራርቶ መጥቶ የሚያዘንበውን የአሉታ ዶፍ አልፈተነም፣ የእኛ ችግር ደግሞ ይኸኛው ነው። የቁልቁል ድምፅ የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 አንድ ግዙፍ የቪዲዮ ጨዋታ አምራች በሬዲት ላይ የጻፈው ማስተባበያ ከ600 ሺህ በላይ የተቃውሞ ድምፅ ሲከመርበት ኩባንያው ተጫዋቾችን ያስመረረውን ክፍያ በ75 በመቶ ለመቀነስ ተገድዷል። ይሁንና ይህ የደንበኞች ሰልፍ ነበር፤ ጉልበተኛ ድርጅት ላይ የወጣውን ሰልፍ ብቻውን ቆሞ በሚከራከር ግለሰብ ላይ ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ፌስቡክ ዲስላይክ የለውም፤ ነገር ግን የኛ ሰው ያጣውን አላጣም፣ «ሪፖርት» የሚለውን ቁልፍ በምትኩ ይጠቀምበታል። «ይህን ገጽ ሪፖርት አድርጉልኝ፣ ሼርም አድርጉት» የሚል ጥሪ ያላየ የአማርኛ ፌስቡክ ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም። ሪፖርት የተፈጠረው ደንብ የጣሰን ጽሑፍ ለዳኛ ለማመልከት ነው፤ እኛ ግን ድምፅ መስጫ አደረግነው፣ ብዙ ሰው ያመለከተበት ያጠፋ ይመስል። ከዲስላይኩ ጋር ሲተያይ ስሕተቱ ያው ነው፣ የመጣበት አቅጣጫ ብቻ ይለያያል፤ እዚያ ድምፁ ዳኝነቱን ተካ፣ እዚህ ዳኝነቱ ድምፅ ሆነ። ፌስቡክም ከዚህ ንጹሕ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ካስተዋወቃቸው የስሜት ምልክቶች አንዷ የሆነችውን የቁጣ ፊት ለተወሰነ ጊዜ ከተራ ላይክ አምስት እጥፍ ክብደት ሰጥቷት ስለነበር፣ ሰውን የሚያስቆጣ ጽሑፍ ከሌላው ቀድሞ ወደ ብዙ ሰው ይደርስ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጡት የኩባንያው ሰነዶች ታውቋል። ተናድዶ የቁጣ ፊት የተጫነ ሰው የጠላውን ጽሑፍ ሲያሻሽጥ ነበር ማለት ነው። ዩቲዩብ በበኩሉ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የዲስላይክን ቁጥር ከተመልካች ዓይን ሰውሮታል፤ ቁልፉ አለ፣ ቁጥሩን የሚያየው ግን የቪዲዮው ባለቤት ብቻ ነው። የሰጠው ምክንያት አዳዲስና ትንንሽ ቻናሎች ላይ በዘመቻ የሚወርደውን ዲስላይክ ለመቀነስ የሚል ነበር።

ስለ ደንቡም አንድ ነገር ካላልኩ ጸሐፊውን በከፊል ብቻ መመለሴ ነው። ደንብ ይኑር ሲባል በብዙ ግሩፖች የሚታየው የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ነው፤ ቦት ይጫናል፣ ቃሉ ሲመጣ መልእክቱን ያጠፋል። ለአማርኛ ይህ አይበቃም። ሰምና ወርቅ ሲሰማ ያደገ ሕዝብ አንዲት የስድብ ቃል ሳያወጣ ሰውን መሬት የሚያስገባበት መንገድ ሞልቶታል። «ለእንደ እርስዎ ያለ ሊቅ መልስ መስጠት ድፍረት ይሆንብኛል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የትኛውን ቃል ነው ቦቱ የሚያጠፋው? በሌላ በኩል ደግሞ ማንንም ሊሰድብ ያልፈለገ ሰው ሰው ያስቀይማል። ፊቱንና ዕድሜውን የማያየውን ሰው «አንተ» ብሎ የሚጠራ ወጣት ጓደኝነት ያሳየ ይመስለዋል፤ ከዚያ ማዶ ያሉት ጡረታ የወጡ መምህር ግን ክርክሩን ትተው ድፍረቱን ይዘው ይቀራሉ። እኛ ግሩፕ ውስጥ በጽሑፍ ያሰፈርነው አንድ መስመር፣ ማለትም የማያውቁትን ሰው ራሱ «አንተ በለኝ» እስኪል ድረስ «እርስዎ» ማለት፣ ከረጅሙ የቃላት ዝርዝር ይልቅ ብዙ ጠብ አስቀርቷል። እንዲህ ያለውን ደንብ የሚያስከብረው የሚያነብ ሰው ነው፤ መልእክት ሲያነሣም የትኛው ዓረፍተ ነገር ለምን እንደተነሣ በአደባባይ ጽፎ ነው። ያለ ምክንያት ብሎክ የሚያደርግ አድሚንም ከዲስላይክ በምንም አይሻልም።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ መንግሥት በሕግ ይያዘው ይላሉ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን በወንጀል እንደሚያስጠይቅ የታወቀ ነው፤ የጥላቻ ንግግር የሚለው ግን በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣውን ነው። ፊደል ቁጠር ያለው ሰው በዚህ አይገባም፤ መግባትም የለበትም። በወንጀልና በመልካም ጠባይ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ለራሳችን የተተወ ነው፤ እድሮቻችን ደግሞ ይህን ሜዳ ያውቁታል። በእድር ስብሰባ የተሳደበ አባል በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይቀጣል፤ መዋጮ ይጨመር አይጨመር ሲባል ደግሞ እጅ ይወጣል። መዋጮ አይጨመር ብሎ የተሸነፈን ሰው ግን በዚህ ምክንያት የሚቀጣ እድር አላየሁም።

አድሚኖች ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ብዙ ሺህ አባል ያለውን ግሩፕ ሰው አንብቦ አይጨርሰውም የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው። ዝም ብሎ የሚያነብና ጠብ ውስጥ መግባት የማይፈልግ ሰውም «አልተስማማሁም» የሚልበት ቀላል መንገድ ቢያገኝ አይከፋም፤ ስሙን ገልጦ መጻፍ ለሁሉም እኩል ቀላል እንዳልሆነ እረዳለሁ፣ በተለይ ለሴቶች፤ አንዲት ሴት አስተያየት ስትሰጥ በግል መልእክት ሳጥኗ ምን እንደሚደርሳት የጠየቀ ያውቃል። ለዚህ መልስ የሚሆነው የቁልቁሉን ቁልፍ ከምክንያት ጋር ማሰር ነው፤ «ከርዕስ ወጥቷል»፣ «ማስረጃ የለውም»፣ «ሰውን ይዘልፋል» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጡ መምታት እንዳይቻል ማድረግ። የምንወያይባቸው መድረኮች ይህን ስለማይፈቅዱ እኛ ከተፈጠረው ነገር በኋላ የቁልቁል አውራ ጣቱን ጨርሰን አጠፋነው፤ ቴሌግራም ምላሽ ምልክቶችን የመምረጥ ሥልጣን ለአድሚን ይሰጣል። ጠቡ አልቀነሰም ብል ይሻላል። ግን ያልተስማማ ሰው አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ይገደዳል፣ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ደግሞ መልስ ያገኛል። «ዲስላይክ!» ብለው በፊደል የሚጽፉ ጥቂቶች እንዳሉ አልደብቅም፤ እነሱንም ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ጋዜጣችሁ የራሱ የቴሌግራም ቻናል ስላለው ከእናንተ የምጠይቀው ነገር አለ። በአስተያየት መስጫው ላይ የምትሠሩበትን ደንብ አንባቢ በሚያየው ቦታ ብታሰፍሩልን፣ አስተያየት ስታነሡም የተነሣበትን ምክንያት በአንድ መስመር ብትጽፉ፣ የቁልቁሉን አውራ ጣትም ቢያንስ በአስተያየት ጽሑፎች ሥር ብታጠፉት መልካም ነው። የተከበሩት ጸሐፊም በዚህ ካልተስማሙ በዚሁ ዓምድ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ፤ በተለይ የስታንፎርዱን ጥናት ውጤት እንዴት እንደሚያዩት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ